«አትነቃነቁ» የእህቱን ልጅ ያነሳ ዕለት

በሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «አትነቃነቁ» ነው የሚሉት፤ ነርሶቹም፣ ጽዳቶቹም፣ ዘበኞቹም። ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብሎ በማይክሮፎን የሚለው ያንኑ ስለሆነ ነው።

የሲቲ ስካን ክፍሉ ከምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ውስጡ እርሳስ የተለበጠ ስለሆነ ከባድ ነው፤ በእጅ ሳይሆን በትከሻ ይከፈታል። ከበሩ በላይ ቀይ መብራት አለ። ከመብራቱ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ ሁልጊዜ አንዲት እናት።

ሥራውን ይችላል። ይህን የሚጠሉትም አይክዱም። ልጅ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ማስተኛት የዋዛ ነገር አይደለም። ማሽኑ ሲዞር ጭንቅላቱ ጥቂት ካፈነገጠ ምስሉ ውሃ እንደነካው ቀለም ይደበዝዛል። ያኔ እንደገና ማንሳት ነው፤ እንደገና ማንሳት ማለት ደግሞ እንደገና ጨረር ማለት ነው። ሌሎቹ ቴክኒሻኖች በማደንዘዣ የሚያስተኙትን ልጅ እሱ በአፉ ያስተኛዋል።

«ይሄ ማሽን የሚያነሳው ድንጋይ ብቻ ነው» ይላል ቀበቶውን ግንባሩ ላይ እያጠበቀ። «ድንጋይ መሆን ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«አትችልም። ትናንት አንዲት ያንተን እኩሌታ የምታክል ልጅ ችላለች። አንተ እንኳ ታለቅሳለህ።»

ልጁ በእልህ ድንጋይ ይሆናል። ትናንት የመጣች ልጅ የለችም። ውሸት ለሱ እንደ ስፖንጁና እንደ ቀበቶው የሥራ ዕቃ ነው።

እናቶች በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ነው። ስለዚህ ፊት የሚባል ነገር አይዝም። ምስሉን ከሁሉም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ የመናገር ፈቃድ ግን የለውም። «ምን አዩ?» ይሉታል። «ሐኪሙ ይነግርሻል» ይላል። «እንዲያው ደህና ነው ወይስ አይደለም?» ይሉታል። «ሐኪሙ ይነግርሻል» ይላል። አንዲት እናት እግሩ ላይ ወድቃ ለምናዋለች። ተሻግሯት ሄዶ ሻይ ጠጣ።

ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚነገር ነገር የለም። ራሱን አመመው ተብሎ ከሚላከው ልጅ የሚበዛው ጭንቅላቱ ንጹህ ነው። አንዱ ሂሳብ ጠልቶ ነው፣ አንዱ ሳይበላ ውሎ፣ የአንዷ እናትና አባት ሌሊቱን ሲደባደቡ አድረው። በክፍሉ ውስጥ እንዲህ ያለው ምስል «የሚከራይ» ይባላል፤ ባዶ ቤት ነው፣ ተከራይ ይፈልጋል ለማለት ነው። «ይሄስ?» ይላል ተረኛው ሐኪም። «የሚከራይ» ይላል አትነቃነቁ። የልጅ አንጎል ዕጢ ብርቅ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ የብርቅ ብርቅ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት መስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ያየው ጥቂት ነው። ንጹህ ጭንቅላት ሲያይ የኖረ ሰው ጭንቅላት ሁሉ ንጹህ ይመስለዋል። የሱ ጥፋት የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

በቤተሰቡ ዘንድ ስሙ ሌላ ነው፤ «ዶክተር» ይሉታል። ዶክተር እንዳልሆነ ያውቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ያርማቸው ነበር፤ ኋላ ተወው፤ ቆይቶ ደግሞ ተመቸው።

ሚስት የለውም። እሁድ እሁድ ምሳውን የሚበላው ታላቅ እህቱ ቤት ነው። ባሏ አናጢ ነው። የቤቱ ዕቃ በሙሉ የሱ እጅ ሥራ ነው፤ በደንብ የማይገጥመው የጓዳ በርም ጭምር። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የማያውቃት ሰው ግን ስድስት ነው የሚላት።

ማደግ አቁማለች። አባቷ አምስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ በየልደቷ መቃኑ ላይ በቢላ ቁመቷን ይቀርጽ ነበር። ሦስተኛው ጭረት በሁለተኛው ላይ ሲያርፍ ቢላውን አስቀመጠ። «እንጨት ብትሆን ቁራጭ እቀጥልላት ነበር» ይላል ለእንግዳ። እንግዳው ይስቃል።

ውሃ ትጠጣለች። ጆጉን ትጨርስና ሌላ ትጠይቃለች። ሌሊት ፍራሹ ላይ ትሸናለች። እናቷ ፍራሹን በጓሮ በኩል ማስጣት ስትችል በመንገድ በኩል ታሰጣው ጀመር፤ ጎረቤት አይቶ ይሳቅና ትፈር ብላ ነው። ጎረቤት ሳቀ። ልጅቷም አፈረች። ፍራሹ ግን እንደረጠበ ቀጠለ።

ደግሞ ትጋጫለች። ፊት ለፊቷ ያለውን ታያለች፤ በጎኗ ያለውን ትመታለች። መቃን፣ የወንበር ጠርዝ፣ የቆመ ሰው። ክንዷ ከመበለዝ አያርፍም። «ደንባራ» ብሎ ስም ያወጣላት አጎቷ ነው። ብርጭቆ በደፋች ቁጥር «ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ጨምሩላት!» ይላል፤ ጠረጴዛው በሳቅ ይነቃነቃል። አንድ ጨዋታም ነበራቸው። ከጎኗ ቀስ ብሎ ጣቱን ያመጣና ጆሮዋን ጠረብ ያደርጋታል። አንድም ቀን ጣቱ ሲመጣ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ትደነግጣለች። ደንግጣ ስታበቃ ትስቃለች። አጎቷን ትወደዋለች።

ጠዋት ጠዋት ራሷን ይዛ መነሳትና ማስታወክ ስትጀምር እናቷ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ወሰደቻት። የእሁዱን ምሳ ሳህን እያነሳሳች ለወንድሟ ነገረችው።

«ወንድምዓለም፣ ሐኪሙ ጭንቅላቷ በሲቲ ይታይ ብሏል።»

«የቱ ሐኪም?»

«የክሊኒኩ። ያ ልጅ እግሩ።»

«ገና ወተቱ ከከንፈሩ ያልደረቀ! እነሱ እኮ የሚያውቁት መላክ ነው። ሆዴን ሲሏቸው መላክ፣ ራሴን ሲሏቸው መላክ። ማሽኑ ያስብላቸዋል።»

«ቢሆንም አንድ ጊዜ ብታነሳት ምን አለበት? እዛው ነህ።»

«እታለም፣ ፎቶ ቤት መሰለሽ እንዴ? ጨረር ነው። የልጅ ጭንቅላት ላይ ያለ ምክንያት ጨረር አይለቀቅም። ነገ ሌላ ጣጣ ብታመጣ እኔን አይደል የምትረግሚው?»

ይህ እውነት ነበር። ለልጅ ሲቲ ያለ ምክንያት አይታዘዝም፤ በየትም ቢሆን ደንቡ ያው ነው። ምክንያቱ ግን ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ሌላ ብርጭቆ ውሃ እየቀዳ ነበር።

«ታዲያ ራስ ምታቱስ?» አለች እህቱ።

«እሱን እኔ ልንገራችሁ» አለ አናጢው። «የሚነሳባት ፈተና ሲደርስ ነው። ዶክተር፣ ለፈተና የሚሆን ኪኒን የላችሁም?»

አትነቃነቁ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል። «ስሙኝ። እኔ ቀን ከቀን የምጎረጉረው ጭንቅላት ነው። የሷ ውስጥ ያለው ስንፍና ነው። ስንፍናን ደግሞ ሲቲ አያሳይም።»

አናጢው እስኪያስለው ሳቀ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። እህቱም ሳቀች፤ ከሁሉም የሷ ሳቅ ነው የረዘመው፤ ስጋቱ የለቀቀው ሰው ሳቅ ነበር። ልጅቷ አፏን ሸፍና ሳቀች። በዚያው ነገሩ ተዘጋ፤ ክሊኒክም ተመልሶ የሄደ የለም።

ዓመቱ እንዲሁ አለፈ። አስተማሪዋ ልጅቷ ከሰሌዳ ላይ የምትገለብጠው ግማሽ ግማሹን ነው ብላ ላከች። መነጽር ተገዛ። መነጽሩ ምንም አልለወጠም፤ ይባስ ብሎ መቃን መትቶት ተሰነጠቀ። አናጢው ለሥራ በሄደበት ሁሉ ይህን እንደ ቀልድ ያወራው ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ለማቋረጥ ገባች። ከግራዋ ብስክሌት እየመጣ ነበር። ደወል ደውሏል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እሷም ሰምታለች፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አላየችም። ብስክሌተኛው ከወደቀበት ተነስቶ ልብሱን እያራገፈ «ዕውር ነሽ እንዴ?» አላት። እሷም «ይቅርታ» አለችው።

ግንባሯ ተሰንጥቆ ነበር። እናቷ ተሸክማ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠች። ድንገተኛ ክፍሉ ሰፋት፤ ውስጥ ደም ፈሶ እንደሆነም ሲቲ ትነሳ ብሎ አዘዘ። በምድር ቤቱ ተረኛው አትነቃነቁ ነበር።

«ደሞ አንቺ?» አላት የሚገፋው አልጋ በበሩ ሲገባ። «ብስክሌት ሰበርሽ አሉ። ባለቤቱ ክፈሉኝ እያለ ነው።»

ሳቀች። ፋሻው ሥር ያለው ዓይኗ አብጦ ነበር። «አጎቴ፣ ድንጋይ የሚያነሳው ማሽን ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው። አንቺ ግን ደንባራ ነሽ፤ አትችይም።»

«እችላለሁ።»

ቻለች። ጣቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እሱ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ በጥርሱ መሃል እያፏጨ ምስሎቹን ማገላበጥ ጀመረ። ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ባንድ፣ እንደተቆራረጠ ዳቦ። ደም የለም። አጥንቱም አልተሰበረም። «የሚከራይ» ሊል ነበር።

ወደ መሃሉ ሲወርድ ፉጨቱ ቆመ።

ከዓይኖቿ በስተጀርባ፣ በራስ ቅሉ ወለል ላይ፣ ነጭ ነገር ሊታይ በማይገባበት ቦታ ነጭ ነገር ነበር። ክብ፣ ስስ፣ የተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል። ቅርፊቱ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት። ከሱ በላይ የአንጎሏ የውሃ ጓዳዎች መውጫ አጥተው ተነፍተዋል። የዛሬ ሥራ አልነበረም። ብስክሌቱ ምንም አላደረጋትም። ይህ ለዓመታት የተቀመጠ ነው።

ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገውም። ዕድገትንና የሰውነትን ውሃ የምታዘው፣ አተር የምታህለው ክፍል የምትቀመጠው እዚያ ነው። የሁለቱ ዓይን ነርቮች የሚገናኙት ከሷ በላይ ነው፤ እዚያ ላይ የተጫነ ነገር መጀመሪያ የሚሰርቀው የጎን እይታን ነው። ይህን ተማሪ ሳለ ለፈተና ሸምድዶታል። ለምሳ ጠረጴዛ ግን አልሸመደደውም ነበር።

«አጎቴ» አለች ልጅቷ በማይክሮፎኑ። «ድንጋይ ሆንኩ?»

«ሆነሻል።»

«ልነሳ?»

«ቆይ።»

በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲወጣ እህቱ ከአግዳሚው ተነሳች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ደም አለ?»

«የለም።»

«ተመስገን! በል ና አውጣልኝ፣ ልውሰዳት።»

«ትንሽ ትቆይ።»

«ለምን? ምን አየህ?»

«ሐኪሟ ትነግርሻለች።»

እህቱ ሳቀች። ይህን አባባሉን ታውቀዋለች፤ እናቶቹ እንዴት እንደሚለምኑት እሱ ራሱ እያስመሰለ ሲያስቃቸው ኖሯል። ትከሻውን መታ አደረገችው። «ተው እንግዲህ፣ እኔ ላይ ደሞ!» ፊቱን ቀና ብላ አየች። ምንም ነገር አልነበረበትም። ያኔ ሳቋ አፏ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ለመዝጋት እንኳ ጊዜ ወሰደባት።

ራዲዮሎጂስቷ፣ ምስሉን የምታነበው ሐኪም፣ ከላይ ወረደች። አጭር፣ ፈጣን፣ ለሰው የማትመለስ ሴት ናት። ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለችና ፊቷ በራ።

«ኧረ እሰይ! ክራኒዮፋሪንጂዮማ! በመጽሐፍ እንዳለው ቁጭ ብሏል እኮ። ተማሪዎቹን ጥሯቸው፤ ይሄን ደጋግመው አያገኙትም።»

ተማሪዎቹ ተጠርተው ክፍሉን ሞሉት። እሷ እስክሪብቶዋን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «ይህቺን ነጯን እዩ። ኖራ ናት፤ ዕጢው ላይ የደረቀ ኖራ። ኤምአርአይ ሌላውን ሁሉ አጥርቶ ያሳያችኋል፤ ኖራ ግን ያመልጠዋል። ይህቺን የሚያጋልጣት ሲቲ ነው። ልጅ፣ እዚህ ቦታ፣ ኖራና ከረጢት አንድ ላይ ካያችሁ ብዙ አትፈላሰፉ። ካንሰር አይደለም፤ ሌላ ቦታ አይሰራጭም። ክፉ የሆነው ቦታው ነው።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ይህቺ? ዘጠኝ? ቁመቷ ቀርቷላ! ውሃስ ታበዛለች? ከዕቃ ጋር ትጋጫለች?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እናትየዋ ነገረችኝ።»

«ነገረችህ? እንዲህ አድርጋ ታውቃለችና ምን ስትጠብቅ ነበር? ይሄ ነገር ዓይኗን እየጨረሰው ነው። የዛሬ ዓመት ብትነሳ ኖሮ እዚሁ ቁጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ ያኔ ዓይኗን እናተርፋለን። ማነው ይህን ያህል ያቆያት?»

ተማሪዎቹ አዩት። ስክሪኑ ብርሃኑን ፊቱ ላይ ጥሏል።

«ቤተሰቦቿ ናቸው» አለ። ውሸት አልነበረም፤ እሱም ቤተሰብ ነው።

ራዲዮሎጂስቷ በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሌሎች እናቶች ነበሩ፣ ዘበኛው ነበር፣ ተማሪዎቹም ተከትለዋት ወጥተዋል። አናጢውም ገና መድረሱ ነበር፤ የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ነው።

«እናትዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ልጅሽ አንጎሏ ውስጥ ዕጢ አለባት። ዓመት አልፎታል። አታድግም፣ ውሃ ትጨርሳለች፣ ግድግዳ ትመታለች፤ አንቺ ምን ትሠሪ ነበር? ዶሮ እንኳ ብትሆን ሰው ዞር ብሎ ያያታል!»

እህቱ ባዶ እግሯን ከሌላው ጀርባ ደበቀች። «ሐኪም... ክሊኒክ ወስጃት ነበር። ጭንቅላቷ ይታይ ብሎኝ ነበር።»

«ጎሽ! ታዲያ ማን ከለከለሽ?»

እህቱ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። የከባዱን በር ጠርዝ ይዞ ቆሟል። ራዲዮሎጂስቷ የልጅቷ አጎት መሆኑን እንደማታውቅ ከአቋቋሙ ገባት። አሁን እንዳያሳውቃት እየለመናት እንደሆነም ገባት፤ ፊቱ ግን አይለምንም፤ ፊቱ ያው ባዶ ነው።

ቅድም አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳለ ጎኗ ያለችው እናት አንድ ነገር ነግራታለች። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ አንድ ነው፤ ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ እዚህ ቤት ሰው የሌለው ሰው እንደተቀመጠ ይቀራል። እህቱ ሰው አላት። አንድ ብቻ። እሱን አሁን ካዋረደችው ነገ አልጋ የሚፈልግላት የለም።

«ማንም አልከለከለኝም» አለች። «ቸል ብዬ ነው።»

አናጢው ሚስቱን አያት። ጀርባውን ሰጣት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአናጢው ወሬ አንድ ሆነ። ለጠያቂውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለአማቱም። «ልጄን ያሳወረቻት እሷ ናት። ሐኪም እየነገራት ዓመት ሙሉ ታቅፋት ተቀመጠች።» ማታ የሚተኛው በሥራ ቤቱ፣ በመላጊያው ገለባ ላይ ሆነ። ጎረቤቶቹ ፍራሹን አስታወሱና «እናት አይደለች፣ እንጀራ እናት ናት» አሉ። የገዛ እናቷ እንኳ «እኔ እንዲህ አድርጌ አሳደግኩሽ?» ብላ ፊቷን ነሳቻት።

አትነቃነቁ ሮጠ። እውነት ለመናገር በሕይወቱ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። የቀዶ ሕክምናውን ነርስ ያውቃታል፤ ነርሷ ወረፋ ያዡን ታውቀዋለች። ምሳ ጋበዘ፣ ለመነ፣ የሌሎችን ውለታ አስታወሰ፣ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ዋሸ። አልጋው ተገኘ። ከፊቷ የነበረች አንዲት ሕፃን ወደ ኋላ ተገፋች። የሕፃኗ እናት ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ የነገራት የለም።

በዚያ ሰሞን እህቱ ሰው ፊት «ወንድምዓለም» ትለው ነበር። በሳህን ምግብ ቋጥራ ታመጣለታለች። ሰው ሲሄድ ሳህኑን አስቀምጣ ትወጣለች።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሐኪሙ አብዛኛውን አወጣ፤ ነርቩ ላይ የተጣበቀውን ጥቂት ተወው፤ ቢነካው የባሰ ይመጣል። ልጅቷ ነቃች፣ በላች፣ እናቷን በድምፅ ለየች። ፋሻው ሲነሳ ሐኪሙ ፊቷ ፊት እጁን ዘረጋ። እናቷና አጎቷ ከአልጋው ግርጌ ቆመዋል።

«ስንት ጣት ነው?»

ልጅቷ አሰበች። «ሁለት።»

ሁለት ነበር። እናቷ ትንፋሿን ለቀቀች።

«አሁንስ?»

«ሁለት።»

እጁ ጭብጥ ነበር።

«አሁን?»

«አራት?» አለች። ፈተና ላይ እንደሚገምት ልጅ የሐኪሙን ድምፅ አዳመጠች፤ ልክ መሆኗን ከድምፁ ልታውቅ ነው። «ሦስት። ሦስት ማለቴ ነው።»

ሐኪሙ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የቀረው ኖራ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ነገ ሲቲ ትነሳ ብሎ አዘዘና ሄደ።

«ታያለች፣ አይደል?» አለች እህቱ። «መጀመሪያውን አገኘችው።»

«ሐኪሙ...»

«እንዳትለኝ!» ክንዱን ያዘችው፤ ጥፍሯ ገባ። «ያቺን ቃል እንዳትላት። አንተ ንገረኝ። አንተ!»

አትነቃነቁ የገዛ ደንቡን ጣሰ። «አታይም» አለ። «ግራው ብርሃን አይለይም። ቀኙ ጥላ ጥላ ያያል። የዓይን ነርቭ ከደረቀ አይመለስም። ይሻላታል ብዬ አልዋሽሽም።»

«ትንሽ ትንሽ አያለሁ እኮ» አለች ልጅቷ ከአልጋው ላይ።

ሁለቱም ረስተዋት ነበር።

እህቱ ክንዱን ለቀቀችው። ወደ በሩ ሄዳ ባሏን ጠራችው። አናጢው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ከሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ላለመቆም ነው። ገባ።

«አሁን ንገረው» አለች ወንድሟን። «በሰው ሁሉ ፊት ተሰድቤልሃለሁ። አልጋውም ተገኘ፣ ቀዶውም አለቀ። ከአንተ የምፈልገው የለኝም። ለሱ ንገረው።»

አትነቃነቁ የሚይዘው ነገር ፈለገና የአልጋውን ብረት ያዘ። «ጋሼ፣ እንዳትነሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን እሁድ። እታለም ላሳያት ብላ ነበር። ስንፍና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ቸል አላለችም።»

አናጢው እጁን ያይ ነበር። ጥፍሩ ሥር ሙጫ ደርቋል።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?» አለች ሚስቱ።

«ሁሉን። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አልነበርኩም እንዴ? ከሁላችሁም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔን?» ድምፅዋ ቀጠነ። «በጎረቤት ፊት! በእናቴ ፊት! ልጇን አሳወረች እያልክ ስታዞረኝ!»

«አንቺን ብሰድብ ምን ይቀርብኛል? እሱን ብሰድበው አልጋውን ማን ያመጣልኝ ነበር?» የተቆጣ አይመስልም፤ እንጨት ሲለካ እንዳለው ድምፅ ነው። «መሳደብ ነበረብኝ፤ ካልሆነ እፈነዳ ነበር። ያለሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ለመሆኑ አንቺስ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ? አንቺስ ለምን ለዶክተሯ አልተናገርሽም?»

ሂሳቡን እህቱም ሠርታዋለች፤ ያውም ከሱ ቀድማ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ።

ከአልጋው ማዶ ያለ ሌላ ልጅ አለቀሰ። አንዲት ነርስ መጥታ አየችና ሄደች።

«እንግዲህ» አለ አናጢው ወደ ሚስቱ ወንድም ዞሮ። «ነገ ትነሳ ብሏል አይደል ሐኪሙ? ከዚህም በኋላ በየጊዜው ትነሳለች ብሎኛል። ዶክተር፣ በስንት ሰዓት እናምጣት?»

«በጠዋት። ሌላው ሳይሰለፍ። እኔ ራሴ አስገባታለሁ።»

«ሌሎቹ አያጉረመርሙም?»

«ያጉረምርሙ።»

«እግዜር ይስጥህ» አለ አናጢው። ከልቡ ነበር።

አትነቃነቁ የአልጋውን ብረት ለቆ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ቆመ፤ የሚለው ነገር ያለ መስሎት። እህቱ አላየችውም። ጎንበስ ብላ የልጅቷን ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ድረስ ሳበች፤ ጥግ ጥጉን ከፍራሹ ሥር ሸጎጠች። ስትናገር ድምፅዋ የድሮው ነበር፤ ሰው ፊት የምትናገርበት፣ ጨዋ።

«አጎትሽ ሊሄድ ነው» አለቻት። «አልጋውን ያገኘልሽ እሱ ነው፤ ነገም ቀድሞ ያስገባሻል። አመሰግናለሁ በይው።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ወደ አባቷ ዞረችና «አመሰግናለሁ፣ አጎቴ» አለች።